በየክረምቱ የሚመለሰው ሻጋታ፦ የአንድ መታጠቢያ ቤት የጉዳይ ጥናት

ቤቱ ጀሞ ውስጥ ያለ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። የታላቅ እህቴ ቤት ነው። እሷ፣ ባለቤቷ፣ ሁለት ልጆቻቸውና አማቷ ይኖሩበታል። መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ነው፤ አራት ካሬ አይሞላም። ሽንት ቤቱ፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩ፣ ቦይለሩና የውሃ በርሜሉ ሁሉም እዚያው ተጨናንቀዋል። አንዱ ግድግዳ የሕንፃው የውጭ ግድግዳ ነው። ከበላዩ ወደ ሻፍቱ፣ ማለትም ሕንፃው ውስጥ ከላይ እስከ ታች ወደሚወርደው ክፍት የአየር መተላለፊያ፣ የሚከፈት ትንሽ መስኮት አለ።

ችግሩ ዓመት ጠብቆ ይመጣል። ሰኔ መጨረሻ ላይ የጣሪያው ጥግ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ሐምሌ ሲጋመስ ነጠብጣቡ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ነሐሴ ላይ ከሴራሚኩ በላይ ያለው ቀለም እያበጠ ይላጣል፣ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ነጭ ሲሚንቶ ይጠቁራል፣ ሽታው ሳሎን ድረስ ይደርሳል። መስከረም ሲጠባ ቤተሰቡ ቀለም ገዝቶ ይቀባዋል። በጋውን ደህና ይከርማል። ክረምት ሲገባ ያው ይደገማል።

እህቴ ቆሻሻ የምትወድ ሰው አይደለችም። ይህን የምለው ሻጋታ ያለበት ቤት ሁሉ «ባለቤቷ ሰነፍ ናት» እየተባለ ስለሚታማ ነው። እሷም እንግዳ ሲመጣ ታፍር ነበር። በየሳምንቱ በረኪና ታፈስበታለች፣ ትፈትጋለች፣ ጥቁሩ ይነጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ትንሹ ልጅ ደግሞ አስም አለበት። በረኪና በፈሰሰ ቁጥር ትንፋሹ ይቆራረጣል። እሱን ጎረቤት ልካ ነበር የምታጸዳው።

«እኔ በረኪናውን ልተው እችላለሁ፤ ሻጋታው ግን እኔን አይተወኝም» አለችኝ አንድ ቀን። ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት የተስማማነው ያን ጊዜ ነው።

በረኪናው ለምን አልሠራም?

በረኪና አይሠራም ማለት አይደለም። ለስላሳና ውሃ በማይመጥ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በሴራሚክ ላይ፣ ሻጋታ ይገድላል። ልስንና ነጭ ሲሚንቶ ግን ውሃ ይመጥጣሉ። ሻጋታው በቀዳዳዎቻቸው ውስጥ ገብቶ ይኖራል። የበረኪናው ክሎሪን ከላይ ያለውን የሻጋታ ቀለም አንጥቶ ያልቃል፤ አብሮት ያለው ውሃ ግን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስለዚህ ከላይ ንጹሕ ይመስላል፣ ከውስጥ ያለው ደግሞ ጭራሽ ውሃ ተጨመረለት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ሻጋታን ለማጽዳት በረኪናን እንደ መደበኛ ዘዴ አይመክርም። የሞተ ሻጋታም አለርጂ ስለሚቀሰቅስ፣ ዋናው ነገር ሻጋታውን መግደል ሳይሆን ከቦታው ጠርጎ ማውጣትና እርጥበቱን ማቆም ነው።

አንድ ሌላ ነገር አስደነገጠኝ። እህቴ አንዳንዴ በረኪናውን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ትቀላቅለው ነበር፤ «እንዲጠነክር» ብላ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ከአቼቶ ጋርም እንደዚያው ነው። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። መስኮቱ በተዘጋ አራት ካሬ ክፍል ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም። ይህን የሚያነብ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እንኳ ይህችን ይያዝልኝ።

የእህቴ ባለቤት ሐሳብ ሌላ ነበር። «ጠንከር ያለ የዘይት ቀለም እንቀባውና እንገላገል» አለ። በሕንፃው ያሉ ብዙ ሰዎችም ያንኑ ያደርጋሉ። ለእሱ የእንግሊዙን የአዋብ ኢሻቅን ታሪክ ነገርኩት። አዋብ ሮችዴል በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ ሕፃን ነው። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2020፣ ሁለት ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ ሞተ። በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ባለሥልጣን፣ ሻጋታ በበዛበት ቤት ለረጅም ጊዜ በመኖሩ የመጣ ከባድ የመተንፈሻ አካል ሕመም ነው ብላ ደመደመች። አባቱ ስለ ሻጋታው ለአከራዩ ድርጅት ያመለከተው ገና በ2017 ነበር። የተሰጠው መልስ «ቀለም ቀባበት» የሚል ነበር። አሁን እንግሊዝ ውስጥ በሕፃኑ ስም የሚጠራ ሕግ አለ። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች አጣዳፊ አደጋን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግዱ ያስገድዳል።

የእህቴ ቤት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም አስም ያለበት ልጅ ባለበት ቤት ሻጋታን በቀለም መሸፈን ምን ማለት እንደሆነ ባለቤቷ ገባው። የቀለም ነገር ለጊዜው ቀረ።

ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

ሻጋታ ለመኖር ብዙ አይጠይቅም። ምግቡ የሳሙና ቅሪት፣ አቧራ፣ የሰውነት ቆዳ ርጋፊና ቀለሙ ራሱ ነው። እነዚህን ከመታጠቢያ ቤት ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። ሙቀቱም የእኛው የቤት ሙቀት ይስማማዋል። ልንነፍገው የምንችለው ውሃውን ብቻ ነው። ስለዚህ ብሩሽ ከማንሳታችን በፊት ውሃውን ፍለጋ ገባን።

የአሉሚኒየም ፎይል ወስደን፣ እጅ የሚያህል ቁራጭ ቆርጠን፣ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን አጥብቀን ለጠፍነው። አንዱን ከላይ በውጭው ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን ከታች በእጅ መታጠቢያው ጎን። የሚለጠፍበት ቦታ አስቀድሞ በጨርቅ ይደርቃል። ከዚያ ለአንድ ሁለት ቀን ይተዋል። ፎይሉ ፊቱ ላይ ጤዛ ካወጣ ውሃው የመጣው ከክፍሉ አየር ነው። ፊቱ ደርቆ ጀርባው ከረጠበ ግን ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው፤ ቧንቧ ያፈስሳል ወይም ከውጭ ዝናብ ይሰርጋል።

የላይኛው ፎይል ፊቱ ላይ ረጠበ። የታችኛው ጀርባው ላይ። አንድ በሽታ የመሰለን ሁለት ሆኖ ተገኘ።

የታችኛውን ለማረጋገጥ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠበቅን። ጀሞ ውሃ በፈረቃ ነው። በርሜሉ ሞልቶ ቧንቧ ሁሉ ሲዘጋ ቆጣሪውን ሄደን አየን። ትንሿ መዘውር ቀስ እያለች ትዞር ነበር። ማንም ውሃ ሳይጠቀም ውሃ እየሄደ ነው ማለት ነው። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ወደ እጅ መታጠቢያው የሚሄደው ፍሌክሲብል ቱቦ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ጠብታው ወለል ላይ ስለማይወርድ ማንም አላየውም። በግድግዳው ሽፋን ሥር ገብቶ ልስኑ ይመጠው ነበር። አዲስ ቱቦ፣ ትንሽ ቴፍሎን፣ አለቀ። ወጪው ለአንድ ክረምት ቀለም ከሚወጣው በጣም ያነሰ ነው።

የላይኛው ሰፊ ወሬ አለው።

አየር ሲሞቅ ብዙ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ መያዝ ያቅተውና ይጥለዋል። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 23 ግራም ገደማ ውሃ ይሸከማል። በ12 ዲግሪ ግን ከ11 ግራም አይበልጥም። ማታ ማታ ቤተሰቡ ተራ በተራ ሙቅ ሻወር ይወስዳል። ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል። የውጭው ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ በሐምሌ ሌሊት ብርዱን እንዳለ ያስገባል። እንፋሎቱ ይህን ግድግዳ ሲነካ ውሃ ሆኖ ይለጠፍበታል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ እንደረጠበ ያድራል። ሻጋታው ሁልጊዜ ከጥጉ የሚጀምረውም ለዚህ ነው፤ ጥግ በጣም ይቀዘቅዛል፣ አየርም በደንብ አይደርሰውም።

እንፋሎቱ ደግሞ መውጫ አልነበረውም። መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኖ በፕላስተር ታሽጓል። የሸፈኑት እማማ፣ የእህቴ አማት ናቸው። ሁለት ምክንያት ነበራቸው። ከሻፍቱ የጎረቤት ሽታ ይገባል፤ ደግሞም ልጆቹ ከሻወር ሲወጡ ብርድ እንዳይመታቸው። ሽታውን ለማጥፋት አልፎ አልፎ ወይራ እያጨሱ ክፍሉን ያጥኑ ነበር። ጢሱ ሽታውን ለጊዜው ይሸፍናል እንጂ ግድግዳ አያደርቅም፤ ለአስም ደግሞ አይሆንም።

በርሜሉም ክዳን አልነበረውም። ክረምት ላይ ልብስ የሚሰጣውም እዚሁ ነበር፤ በረንዳ ላይ ዝናብ ይነካዋል ተብሎ። አንድ ባልዲ ሙሉ እርጥብ ልብስ ሲደርቅ ውሃው የትም አይጠፋም፤ ግድግዳው ላይ ነው የሚሄደው።

ከእማማ ጋር የተደረገው ንግግር

እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ የከበደው ይህ ነው። ግድግዳ መፈተግ ጉልበት ብቻ ይጠይቃል።

«ውጭው እየዘነበ መስኮት ብከፍት እርጥበቱን አስገባሁ እንጂ ምን አስወጣሁ?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ያስባል። መልሱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ሌሊት ውጭው 12 ዲግሪ ቢሆንና አየሩ በእርጥበት ቢሞላ እንኳ፣ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ውሃ 11 ግራም ገደማ ነው። ያ አየር ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 17 ግራም መሸከም ይችላል። ስለዚህ ስድስት ግራም የሚሆን ቦታ ይዞ ይገባል፤ ከቤቱ እንፋሎት ወስዶ ይወጣል። የክረምት አየር ቀዝቃዛ ነው እንጂ ከሻወር እንፋሎት ጋር ሲተያይ ደረቅ ነው።

«እማማ፣ እርስዎ ልጆቹ ታጥበው ለብሰው እስኪወጡ መስኮቱን ይዝጉት። ከወጡ በኋላ ግን ይከፈት፤ በሩ ይዘጋ» አልኳቸው። ቅዝቃዜው ልጆቹን አያገኛቸውም፤ እንፋሎቱም ወደ መኝታ ቤት አይሄድም። ይህን ተቀበሉ። ብርድ ያሉትን ነገር ሳንንቅ መፍትሔ ስላገኘን ይመስለኛል። ላስቲኩን ራሳቸው ላጡት። መስኮቱ ላይ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ተደረገበት።

ጽዳቱ

ጽዳቱን የጀመርነው ቧንቧው ተጠግኖ መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሻጋታው የያዘው ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። እስከዚህ ያለውን ራስ ማጽዳት ይቻላል። ከዚያ በጣም ከሰፋ፣ ወይም ፍሳሽ ቆሻሻ ከነካው፣ ባለሙያ መጥራት ይሻላል። ትንሹ ልጅ ያን ቀን ከቤት ወጣ። እኛ ጓንት፣ ማስክና የዓይን መከላከያ አደረግን። ፎጣው፣ የጥርስ ብሩሹ፣ ሳሙናው ሁሉ ተነሣ።

ደረቅ ሻጋታ አይፈተግም። ዘሩ እንደ ዱቄት ይበናል፤ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። መጀመሪያ በሚረጭ ጠርሙስ ውሃ አርጥበነው፣ ከዚያ ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ይዘን ፈተግን። ሳሙና የሚናቅ አይደለም። ሴራሚኩ ላይ የነበረው አብዛኛው ሻጋታ በሳሙና ብቻ ለቀቀ፤ ምክንያቱም የተጣበቀው በሳሙና ቅሪትና በቅባት ላይ ነበር። በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በጨርቅ ደረቀ።

ቀጥሎ አቼቶ፤ ውሃ ሳይቀላቀልበት። ነጭ አቼቶ ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ረጭተን አንድ ሰዓት ያህል ተውነው፤ ፈትገን በውሃ አጠብነው። አቼቶ አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶችን ይገድላል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ተአምር የሚጠብቅበት ሰው ያዝናል። እምነ በረድ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፤ ይበላዋል። ነጭ ሲሚንቶውንም በየቀኑ ከነካው ይሸረሽረዋል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ብቻ፣ በደንብ እየታጠበ።

በመጋጠሚያው ውስጥ ለቀረው ጥቁር ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግነው። እህቴ ሶዳውንና አቼቶውን አንድ ላይ ልታደርግ ነበር፤ አረፋው ጥሩ ስለሚመስል። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል፤ የሚቀረው ጨው ያለበት ውሃ ነው። ለየብቻ ሲሆኑ ግን ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሶዳው በመፈተግ፣ አቼቶው በአሲድነቱ።

በሻወሩ ሥር ያለው ሲልከን፣ ክፍተቱ የተደፈነበት ጎማ መሳይ ማሸጊያ፣ ግን በምንም አልነጣም። ሻጋታው ውስጡ ገብቷል። ይህን መፈተግ ጊዜ ማባከን ነው። በምላጭ ተቆርጦ ወጣ፣ ቦታው በደንብ እንዲደርቅ ተተወ፣ ሻጋታ የሚከላከል የመታጠቢያ ቤት ሲልከን ተገዝቶ ተሞላ። እዚያው ወለሉ ላይ ሮዝ የሚመስል ልጋግ ነበር። እህቴ ሌላ ዓይነት ሻጋታ መስሏት ፈርታ ነበር። ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ ነው፤ የሳሙና ቅሪት ይወዳል፣ በሳሙናና በሶዳ ይለቃል።

ከሴራሚኩ በላይ ያለው ያበጠ ቀለም ትዕግሥት ጠየቀ። አርጥበን በእስፓቱላ ፋቅነው፤ እየተፈረፈረ የሚወጣው ልስንም አብሮ ወጣ። ፍርፋሪው በፌስታል ታስሮ ያኔውኑ ወጣ። በተጋለጠው ልስን ላይ ከፋርማሲ የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ፣ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን፣ ረጭተን አሥር ደቂቃ ያህል አቆይተን ጠረግነው። ይህ ፈሳሽ ሥራውን ሲጨርስ ውሃና ኦክስጅን ሆኖ ይቀራል፤ የሚከረፋ ጢስ የለውም። ከአቼቶ ጋር ግን በአንድ ዕቃ አይቀላቀልም፤ የሚያቃጥል አሲድ ይፈጥራል። ባለቀለም ጨርቅም ያነጣል።

ከዚያ ምንም አላደረግንም። ይህ አለማድረግ የሥራው ግማሽ ነው። የእህቴ ባለቤት በማግስቱ ሊቀባ ፈልጎ ነበር። ልስን ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ፎይሉን መልሰን ለጠፍን። ጀርባው መርጠቡን እስኪያቆም ሳምንታት ወሰደ። ቀለም የተቀባው ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው፤ የዘይት ሳይሆን ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም።

አሁን ቤቱ እንዴት ይኖራል?

በሻወሩ ጎን ውሃ የሚገፋ ትንሽ ጎማ ተሰቅሏል። መጨረሻ የታጠበ ሰው ሴራሚኩን ከላይ ወደ ታች ይጠርጋል። ትልቁ ልጅ ይህን ሥራ የራሱ አድርጎታል። በመጥረጊያው የሚወርደው ውሃ ወደ ፍሳሹ ይሄዳል፤ ካልተጠረገ ግን አየር ውስጥ ገብቶ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ ነበር። መስኮቱ ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል። በርሜሉ ክዳን አለው። ልብስ በረንዳው ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ገባ ብሎ በተዘረጋ ገመድ ይሰጣል። የሻወር መጋረጃው ሁልጊዜ ተዘርግቶ ይተዋል፤ ተሰብስቦ ከቀረ እጥፋቱ አይደርቅም።

አየር የሚያስወጣ ፋን ለመግዛትም ታስቦ ነበር። መስኮቱ ሲከፈት አላስፈለገም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓትም መስኮት ይሠራል። ጨርሶ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ግን ፋን ያስፈልገዋል፤ ከሻወር በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መሥራት አለበት። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ቢገኝ ጥሩ ነው። ቤት ውስጥ ከ60 በመቶ በታች ማቆየት ይመከራል፤ የረጠበ ነገር ሁሉ ደግሞ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት።

በቀጣዩ ክረምት ሐምሌ ላይ ጥጉ ሁለት ሦስት ትንንሽ ነጥቦች አወጣ። እህቴ በሳሙና ጨርቅ ጠርጋ አደረቀችው። ከዚያ በላይ አልሄደም። የእጅ መታጠቢያው ጎን እንደደረቀ ነው። ልጁ አስሙ አልጠፋም፤ መድኃኒቱንም አላቋረጠም። ነገር ግን መታጠቢያ ቤት በሚጸዳበት ቀን ጎረቤት መሄድ አላስፈለገውም።

ያልተፈታው የሻፍቱ ነገር ነው። ታች ያሉ ቤቶች መስኮታቸውን አሁንም በላስቲክ ዘግተዋል፤ ሻፍቱ ሥር የተጠራቀመው ቆሻሻ ስለሚሸታቸው። የሕንፃው የነዋሪዎች ማኅበር ሻፍቱን በጋራ መዋጮ ለማስጠረግ ተነጋግሯል። የእህቴ ባለቤት ገንዘቡን ከየቤቱ የመሰብሰቡን ሥራ ወስዷል፤ ክረምቱ ሳይገባ ሊያስጨርሰው ነው ሐሳቡ።